ለሌባ ተብሎ የተዘጋ በር

ሰሞኑን ማኪያቶ ይዘን የጀመርነው ወሬ ጠብ ሊሆን ትንሽ ነበር የቀረው። ምክንያቱ ኳስ ቢሆን ባልገረመን፤ ፖለቲካ ቢሆንም ለምደነዋል። ኮምፓይለር ነው! አዎ፣ ኮምፓይለር። አንዱ ወዳጃችን ጠረጴዛውን መታ አድርጎ «ስቶልማን ልክ ነበሩ፤ በሩን ባይዘጉት ኖሮ ነፃ ሶፍትዌር የሚባል ነገር ዛሬ አይኖርም ነበር» አለን። እኛ ደግሞ «ቤቱ የተጎዳው በሩን በመዝጋታቸው ነው» አልን። ሒሳቡ ተዘጋ፣ ክርክሩ ግን አልተዘጋም። እነሆ ወደ እናንተ አመጣነው።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፣ በኋላ ተደብቀው መቱን እንዳትሉ። ሰው የሠራውን ነገር ከሌባ ለመጠበቅ ሕግ ማውጣቱ ተገቢ ነው። ሌባ እንዳይጠቀምበት ብሎ ነገሩን ራሱን የማያመች አድርጎ መሥራት ግን ራስን መቅጣት ነው። ጂሲሲ የተባለው ዝነኛ ኮምፓይለር ለዓመታት ፕለጊን አላስገባም ማለቱ የዚህ ቅጣት ምሳሌ ነው። ታሪኩ የሩቅ አገር ቢመስልም ነገሩ እኛንም ይነካናል፤ እንደርስበታለን። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የወፍጮ ቤቱ ነገር

ኮምፓይለር ምን እንደሆነ የምታውቁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። ለማታውቁ ግን ወፍጮ ቤት በሉት። ፕሮግራም ጸሐፊው በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ የጻፈውን እህል ያስገባል፤ በወዲያኛው በኩል ኮምፒውተሩ የሚገባው ዱቄት ይወጣል። መካከል ላይ ግን ብዙ ሥራ አለ። ኮምፓይለሩ የተጻፈውን አንብቦ ይተነትነዋል፣ ዛፍ በሚመስል ቅርጽ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ወደ ራሱ መካከለኛ ቋንቋ ይመልሰዋል። እዚያ ላይ ትርፉን ያራግፋል፣ ከባዱን ያቀላል። የማሽን ኮድ የሚያወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ፕለጊን ማለት ደንበኛው «እህሌን ድንጋዩ ከመንካቱ በፊት በዚህች ወንፊት አሳልፉልኝ» ብሎ የራሱን ወንፊት የሚገጥምበት ቦታ ነው። ወፍጮውን መፍታት የለ፣ አዲስ ወፍጮ መግዛት የለ። ወንፊቱን ይገጥማል፣ ያስፈጫል፣ ነቅሎ ይሄዳል።

ይህ ለምን ይጠቅማል? የራሳችንን ጣጣ እንውሰድ። እኛ አገር ለባንክ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለደመወዝ ክፍል ፕሮግራም የሚጽፍ ልጅ ሁለት የዘመን አቆጣጠር ተሸክሞ ነው የሚሠራው። አንዱ 12 ወር አለው፣ ሌላው 13፤ በዓመት ደግሞ 7 ወይም 8 ይለያያሉ። ለኮምፓይለሩ ግን 2016 ምንጊዜም 2016 ነው፤ ቁጥር ነው። የእኛን 2016 ከፈረንጁ 2016 ላይ ቀንስ ቢሉት ዝም ብሎ ቀንሶ ዜሮ ያወጣል። አንድ ሰው የጡረታ ሒሳቡ ሲሠራለት ስምንት ዓመቱ ቢጠፋ ኮምፓይለሩ ምን ገዶት!

አሁን አንድ ፕለጊን አስቡ። በተለዋዋጮቹ ላይ «ይህ የእኛ ዘመን ነው»፣ «ይህ የፈረንጅ ነው» የሚል ምልክት ታደርጉና ሁለቱ ሳይለወጡ በተቀላቀሉ ቁጥር ኮምፓይለሩ «ኧረ ተዉ!» ይላል። ቀድሞ የተጻፈውን ብዙ ሺህ መስመር እንደ አዲስ መጻፍ አያስፈልግም። ይህን ማስጠንቀቂያ ለእኛ ብሎ የሚጨምርልን የኮምፓይለር ሠሪ አሜሪካ ውስጥ የለም፤ አይጠበቅበትምም። በር ካለ ግን ራሳችን እንጨምረዋለን። ፕለጊን ማለት በአጭሩ «የእኔን ችግር እኔው ልፍታው» የማለት መብት ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፋየርፎክስን የሚሠሩት ሞዚላዎችም ከእነሱ በቀር ማንም የማይጨነቅባቸው የኮድ ሕጎች ነበሯቸው። ሕጎቹ መጣሳቸውን የሚከታተል ዲሃይድራ የሚባል መሣሪያ በጂሲሲ ላይ ሠሩ። ያኔ ጂሲሲ የታወቀ የፕለጊን በር ስላልነበረው ኮምፓይለሩን ራሱን ቀድደው መጣፍ ነበረባቸው። ወንፊት ለመግጠም ወፍጮውን መፍታት ማለት ይህ ነው።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። ሪቻርድ ስቶልማን በባዶ ሜዳ የሚፈሩ ሰው አይደሉም። ጂሲሲን በ1987 አወጡ፤ ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድም አጠሩት። የዚህ ፈቃድ ፍሬ ነገር ቀላል ነው፦ ውሰድ፣ ለውጥ፣ አከፋፍል፤ ለውጠህ ስታከፋፍል ግን አንተም ሶርስ ኮዱን ለሌላው ክፈት።

ብዙም ሳይቆይ ፈተና መጣ። ስቲቭ ጆብስ ከአፕል ወጥተው ያቋቋሙት ኔክስት የተባለው ኩባንያ ኦብጀክቲቭ ሲ ለሚባለው ቋንቋ የሚሆን ክፍል በጂሲሲ ላይ ሠራ። ኩባንያው የራሱን ክፍል ሶርስ ኮድ መክፈት አልፈለገም። «እኛ የእኛን ክፍል የተፈጨውን ብቻ እንስጥ፣ ደንበኛው ቤቱ ወስዶ ከጂሲሲ ጋር ያጋጥመው» የሚል ብልሃት አመጣ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ አይደል? ስቶልማን ጠበቃ አማከሩና «አይሆንም» አሉ። ኔክስት ክፍሉን ከፈተ። በሲ ፕላስ ፕላስ የሆነውም ተመሳሳይ ነው፤ ኤምሲሲ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያዎች ኅብረት ውስጥ በጂሲሲ ላይ የተሠራው የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር ነፃ ሆኖ የወጣው ጂፒኤል ስላስገደደ ነው።

ወዳጃችን ጠረጴዛ የመታው እነዚህን ሁለት ታሪኮች ይዞ ነበር። እኛ ግን እነዚሁን ታሪኮች ይዘን እንጠይቀዋለን፦ ኔክስትን ያስከፈተው ምንድን ነው? የጂሲሲ ውስጥ ለመግባት አስቸጋሪ መሆኑ ነው? አይደለም። ኔክስት እስኪበቃው ገብቶበታል። ያስከፈተው ፈቃዱ ነው። ስቶልማን ያሸነፉት በሕግ ነው፤ ድሉ የበሩ መዝጊያ አልነበረም።

ታዲያ ፕለጊኑን ለምን ፈሩት? ፍርሃቱ ይህ ነበር። ጂሲሲ ውስጡን ለውጭ ፕሮግራም ዘርግቶ ከሰጠ፣ አንድ ኩባንያ ያንን መካከለኛ ቋንቋ ፋይል ላይ ያወጣና በሌላ፣ በተዘጋ ፕሮግራም ይሠራበታል። ሁለቱ ፕሮግራሞች የተለያዩ ስለሆኑ የቅጂ መብት ሕግ ላይደርስበት ይችላል። ስለዚህ መፍትሔው ተባለና ውስጡ እንዳይወጣ ተደረገ። ፕለጊን ይግባ ሲባል አይሆንም። መካከለኛው ቋንቋ በፋይል ይውጣ ሲባል አይሆንም። ምህንድስናው ሆን ተብሎ አጥር ሆነ።

ወፍ ይበላዋል ብሎ ማሽላ ሳይዘራ የሚቀር ገበሬ አለ እንዴ?

እንግዶቹ ሄዱ

የተዘጋ በር ሌባውን ብቻ አይመልስም። ተማሪውን፣ ተመራማሪውን፣ ሊረዳ የመጣውንም ይመልሳል። እነሱ ደግሞ ደጅ ጥናት አይወዱም፤ ሌላ ቤት ይሠራሉ።

በ2000 በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ክሪስ ላትነር የሚባል ተማሪና አስተማሪው ቪክራም አድቬ ኤልኤልቪኤም የተባለ ሥራ ጀመሩ። የኤልኤልቪኤም ትልቁ ብልሃት የኮምፓይለሩን ሆድ እንደ ዕቃ ቤት መደርደሩ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ይወጣል፣ ለብቻው ይገጠማል። መካከለኛው ቋንቋ በግልጽ ተጽፎ የተቀመጠ ነው፤ ማንም አንብቦት፣ ፋይል ላይ አውጥቶት፣ መልሶ ሊያስገባው ይችላል። ጂሲሲ ለዓመታት የከለከለውን ሁሉ ኤልኤልቪኤም ከመጀመሪያው ቀን መሠረቱ አደረገው።

አሁን የሚያንገበግበው ይመጣል። በ2005 ይኸው ላትነር ለጂሲሲ ሰዎች ጻፈ። «ኤልኤልቪኤምን ከጂሲሲ ጋር እናዋህደው፣ የቅጂ መብቱንም ለፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን እንሰጣለን» የሚል ሐሳብ ነበር ያቀረበው። ልብ በሉ! ሰውየው ቤቱን ነቅሎ ግቢያችሁ ውስጥ ልትከለው ነው የመጣሁት እያለ ነው። ጉዳዩ በጂሲሲ ሠሪዎች መካከል ተወራ፣ ተከራከሩበት፣ ሳይሆን ቀረ። ስቶልማን ግን ጭራሽ አልሰሙም። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2015፣ ሰው ሲያስታውሳቸው እጅግ እንደደነገጡና የኋላውን አይተው ሲያስቡት ተቀብለውት ቢሆን ይመኙ እንደነበር በአደባባይ ጻፉ። እንዲህ ማለታቸው ያስመሰግናቸዋል። ባቡሩ ግን ሄዷል።

የቀረውን በአጭሩ እንለፈው። አፕል ላትነርን በ2005 ቀጠረው። በ2007 ክላንግ የተባለው፣ በኤልኤልቪኤም ላይ የተሠራው የሲ ቤተሰብ ኮምፓይለር ለሕዝብ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ጂሲሲ ወደ ጠበቅ ያለው ሦስተኛው ጂፒኤል ሲሻገር አፕል አልተከተለም። በ2013 የወጣው ኤክስኮድ 5 ጂሲሲን ከነጭራሹ አስወጣ። በ2014 መጀመሪያ ፍሪቢኤስዲ 10 በዋናዎቹ ማሽኖች ላይ ክላንግን ዋና ኮምፓይለሩ አደረገ። ዛሬ ማክ ኮምፒውተር ላይ «ጂሲሲ» ብላችሁ ብታዙ የሚነሳው ክላንግ ነው። ስሙ ቀርቷል፣ ባለስሙ የለም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ አባቶች። በተዘጋ ፕሮግራም የኮምፓይለር ሆድ የሚጠቀሙ ኩባንያዎች መጡ፤ የመጡት ግን ጂፒኤል በሌለበት ቤት በኩል ነው። ጂሲሲ ሌባውን ሰፈር አስቀየረው እንጂ አላስቀረውም።

የቤቱ ልጅ ጦሙን አደረ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነን የኢማክስ ነገር ነው። ኢማክስ የስቶልማን የራሳቸው ልጅ ነው፤ ነፃ ሶፍትዌር ከሚኮራባቸው የጽሑፍ ማዘጋጃዎች አንዱ። በ2014 እና በ2015 የኢማክስ ሰዎች አንድ ልመና ይዘው መጡ። ሲ ፕላስ ፕላስ ስንጽፍ ፕሮግራሙ የጀመርነውን ስም እንዲጨርስልን እንፈልጋለን፤ ለዚህ ደግሞ ኮዱን አንብቦ የገባው አንድ አካል ያስፈልጋል፤ ጂሲሲ ኮዱን አንብቦታል፣ ዛፉን ይስጠን፣ አሉ።

መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው የድሮው ፍርሃት። ዛፉ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ሌሎች ይጠቀሙበታል፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ የግድ የሚያስፈልገው ምን ያህል እንደሆነ መጀመሪያ ይጠና። በዚህ መካከል ክላንግ ይህንኑ ዛፍ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጥ ነበር። የነፃ ሶፍትዌር ልጅ ከአባቱ ቤት ተከልክሎ ከጎረቤት እንዲበላ ተደረገ ማለት ነው። ለሌባ የተሠራ አጥር የቤቱን ልጅ ከውጭ ሲያሳድር ከማየት የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ሕጉ መጣ፤ ግን ጅብ ከሄደ

መፍትሔ አልነበረም እንዳትሉን። ነበር፤ ደግሞም ያገኙት ራሳቸው ናቸው። በጂሲሲ የሚሠራ ፕሮግራም ሁሉ ከኮምፓይለሩ ጋር የሚመጣ ትንሽ የረዳት ኮድ ይዞ ይወጣል። ያ ረዳት ኮድ የጂሲሲ ንብረት ነው። በጥር 2009 ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን የዚህን ረዳት ኮድ ፈቃድ አሻሻለ። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፕሮግራምህን በጂሲሲ ከሠራህ በፈለግኸው ፈቃድ አከፋፍለው፤ በመካከል ግን ከጂፒኤል ጋር የማይስማማ፣ የተዘጋ ፕለጊን ካስገባህበት ይህ ነፃነት የለህም። አያችሁት? ወንፊቱን የደበቀ ሰው ዱቄቱን መሸጥ አይችልም። ያ ሁሉ ዓመት የተፈራው ቀዳዳ በጥቂት ገጽ ጽሑፍ ተደፈነ።

በሚያዝያ 2010 የወጣው ጂሲሲ 4.5 የፕለጊን በር ይዞ መጣ። በሩም የይለፍ ቃል አለው። ማንኛውም ፕለጊን ውስጡ «ፕለጊን ኢዝ ጂፒኤል ኮምፓቲብል» የሚል ምልክት ከሌለው ጂሲሲ አላስገባም ብሎ ሥራውን ያቆማል። ቃሉን ዋሽቶ መጻፍ አይቻልም ወይ? ይቻላል። ግን ፈርሞ የዋሸ ሰው ፍርድ ቤት ሲቆም «አላወቅሁም ነበር» ማለት አይችልም። ሕግ የሚሠራው እንዲህ ነው።

በሩ ሲከፈትስ ማን ገባ? ቢያንስ አንዱ እንግዳ ዘበኛ ነበር። በ2016 የወጣው የሊኑክስ ከርነል 4.8 የጂሲሲ ፕለጊን መጠቀሚያ ማዕቀፍ አስገባ፤ መነሻው ፓክስ የሚባለው የደኅንነት ሥራ ነው። በኋላ ከገቡት ፕለጊኖች አንዱ ከርነሉ መረጃ የሚያስቀምጥባቸውን ሣጥኖች ውስጣዊ ቅደም ተከተል ይበውዛል፤ አጥቂው የቱ የት እንዳለ ቀድሞ እንዳያውቅ። ሌላው ከርነሉ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ የተጠቀመበትን የማስታወሻ ቦታ ይጠርጋል፤ ምስጢር ተንጠባጥቦ እንዳይቀር። በሩ የተዘጋው ለሌባ ነበር፤ ሲከፈት ግን የሌባ መከላከያ ገባበት።

«ግን እኮ...»

የወዳጃችንን መልሶች እናውቃቸዋለን፤ እንስማቸው።

«አፕል የሄደው በፕለጊን ምክንያት ሳይሆን ሦስተኛውን ጂፒኤል ጠልቶ ነው።» ሊሆን ይችላል፤ አፕልን በር ከፍተንም ላናስቀረው እንችል ነበር። ግን ሞዚላስ? ሞዚላ ነፃ ሶፍትዌር ጠል አይደለም። እነሱም ግን በኋላ የኮድ ሕጋቸውን የሚያስከብረውን ፕለጊን በክላንግ ላይ ሠሩት። የየዩኒቨርሲቲው ተመራማሪስ? እሱ የሚያየው ፈቃዱን ሳይሆን ሐሳቡን በሁለት ሳምንት የት መሞከር እንደሚችል ነው። ከሄደው ሁሉ ሌባ ስንት ነበር?

«በኤልኤልቪኤም ላይ የተዘጉ ኮምፓይለሮች ተሠርተዋል፤ ፍርሃቱ ልክ ነበር ማለት ነው።» አዎ ተሠርተዋል። የኤንቪዲያ የኩዳ ኮምፓይለር አንዱ ነው። አፕልም ስዊፍትን በ2014 ዘግቶ አውጥቶ የከፈተው በ2015 መጨረሻ ነው። ይህ ግን የእኛን ነጥብ ነው የሚያጠናክረው። ጠንካራ ፈቃድና ምቹ በር አንድ ላይ የያዘ ኮምፓይለር በጊዜው ቢኖር ኖሮ ሰው ልል ፈቃድ ወዳለበት ቤት የሚሮጥበት ምክንያት ይቀንስ ነበር። በ2009 የተጻፈው ሕግ ከዓመታት በፊት ቢጻፍ ምን ይጎድል ነበር?

«አሁንማ በሩ ተከፍቷል፣ ምን ያነጫንጫችኋል?» በሩ ተከፍቷል፤ ግን ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። የጂሲሲ ፕለጊን የኮምፓይለሩን የውስጥ አሠራር በቀጥታ ስለሚነካ፣ ኮምፓይለሩ ሲታደስ ፕለጊኑም እንደገና መፈጨት፣ አንዳንዴም መጠገን አለበት። አዲስ ቋንቋ ወይም አዲስ ሰዋስው በፕለጊን ማስገባትም አይቻልም። ከመጀመሪያው ለእንግዳ ያልታሰበ ቤት በኋላ በር ቢሸነቆርለት እንዲህ ነው የሚሆነው። የዘገየ በር ጠባብ በር ነው።

እኛስ?

አሁን ወደ ሰፈራችን። ይህን ሁሉ የጻፍነው የአሜሪካ ሽማግሌና ወጣት ክርክር ለማሟሟቅ አይደለም። ይኸው ፍርሃት እዚህም አለ። «ኮዴን ይሰርቁኛል» ብሎ የመመረቂያ ሥራውን ፍላሽ ላይ ቆልፎ ያስቀመጠ ስንት ልጅ እናውቃለን! ፍላሹ በቫይረስ ሞተ፣ ሥራውም አብሮ ሞተ፤ ሌባው ግን አንድ ቀን እንኳ አልመጣም። የአማርኛ ፊደል ማረሚያ እንሠራለን የሚሉ ሦስት ወዳጆች አሉን፤ ሦስቱም የቃላት ዝርዝር ከዜሮ ይለቅማሉ፣ ሦስቱም አንዳቸው ለሌላው አያሳዩም።

ፍርሃታችሁን አንንቅም። ሌባ አለ። ግን የስቶልማንን ግማሽ ትምህርት ብቻ አትውሰዱ። ትልቁ ሥራቸው የፈቃዱ ወረቀት ነው፤ እሱን ውሰዱ። በሥራችሁ ላይ ፈቃድ ጻፉ፤ ማን በምን ሁኔታ ሊጠቀምበት እንደሚችል በግልጽ አስቀምጡ፤ የጣሰውን በስሙ ጥሩት። ከዚያ በሩን ክፈቱ፤ ሌላው ወንፊቱን የሚገጥምበት ቦታ ከመጀመሪያው አዘጋጁለት። ያላሰባችሁትን ችግር ይዞ የሚመጣው ያ እንግዳ ነው፤ ሥራችሁን ከእናንተ ዕድሜ በላይ የሚያኖረውም እሱ ነው።

ወዳጃችን ይህን ሲያነብ ዳግመኛ ጠረጴዛ እንደሚመታ እናውቃለን። ይምታ። የሚቀጥለው ማኪያቶ በእሱ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ቸር እንሰንብት!